ብርድና ሽንት በጎንደር ደጋ

በጎንደርና በዙሪያዋ ደጋ ሽንቱ የሚያቃጥለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣበት ወይም እንቢ የሚለው ሰው የሕመሙን ስም ለማወቅ ሐኪም አይጠብቅም፤ ብርድ ነው ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ምክሩም አብሮ ይመጣል፦ ድንጋይ ላይ አትቀመጥ፣ ወገብህን ሸፍን፣ በባዶ እግርህ እርጥብ መሬት አትርገጥ፣ ትኩስ ትኩሱን ጠጣ። ይህ ፍርድ ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ ያው ነው፤ የተማረውንም ያልተማረውንም ያስማማል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያ በበኩሉ ነገሩን ተረት ብሎ ያልፈዋል፤ ሽንት የሚያቃጥለው ተህዋስ ነው፣ ብርድ ምን አገባው ይላል። ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ግማሽ ይዘው ነው የሚከራከሩት። የደጋው ሰው ብርድ በሽንቱ ላይ የሚሠራውን ሥራ ለዘመናት አስተውሏል፤ ያስተዋለውም ልክ ነው። የሳተው ምንጫቸው የተለያየ ብዙ ሕመሞችን ሰብስቦ ለአንድ ጥፋተኛ ማሸከሙ ላይ ነው። በብርድ ዙሪያ የተገነባው ልማድ ምልክቱን በሚያስታግስበት ቦታ ሰውን ጠቅሟል፤ ሥሩን በሸፈነበት ቦታ ደግሞ ጎድቶታል። የልማዱን ታሪክ መመርመር የሚያስፈልገውም የትኛው የት እንደሆነ ለመለየት ነው።

ብርዱ ራሱ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ስለ ስሜን ተራሮች ከተጻፉት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ የሚያወራው ስለ ብርድ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልታወቀ ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች መውጋቱን ይተርካል፤ ሊቃውንቱ ወንዙ ተከዜ ነው ይላሉ። አገሩንም ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት አድርጎ ይገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በስሜን በረዶ የለም ብሎ ቢከራከርም፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው ሄንሪ ሶልት በተራሮቹ ላይ በረዶ ማየቱን ጽፏል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ወገራን አልፎ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው 2,800 ሜትር ግድም ይሆናል፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በላይኛው ስሜን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ማሳውን ውርጭ ይመታዋል። ክረምቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብርድ ያመጣል፤ ጭጋግ፣ ጭቃ፣ ሳይደርቅ የሚለበስ ልብስ። በመደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ለሚተኛ ገበሬ፣ ደበሎ ደርቦ ለሚያድር የቆሎ ተማሪ፣ በድንጋይ ወለል ላይ ማኅሌት ቆሞ ለሚያነጋ ደብተራ ብርድ በየሌሊቱ የሚፋለሙት ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ብርድ የሚናገረውን ሳይመረምሩ መጣል አይገባም።

ሲመረመርም የሰውነት አሠራር ይደግፈዋል። ሰው ሲበርደው የቆዳው ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደሙ ሙቀቱን እንዳያጣ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ሰውነት በውስጡ ፈሳሽ የበዛበት ይመስለዋል፤ ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ይቀንስና ትርፍ የመሰለው ውሃ ወደ ፊኛ ይወርዳል። በላብ የሚወጣው ውሃም በብርድ ጊዜ ስለሚያንስ ዋና መውጫው ሽንት ይሆናል። ሳይለምደው ከቆላ ወደ ከፍተኛ ተራራ የወጣ ሰው ደግሞ በከፍታው ምክንያትም ሽንቱ ይበዛል። የፊኛ ጡንቻ ራሱ ቅዝቃዜ ሲነካው ይቆጣል፤ ሳይሞላ የሞላ ያስመስላል። ፕሮስቴት እጢው ባበጠ ሽማግሌ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርድ የፊኛውን አንገት የሚያጠብቁትን ነርቮች ስለሚቀሰቅስ ድሮም በጭንቅ የሚወጣው ሽንት ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ልጁ በብርድ ሌሊት አሥር ጊዜ ሲወጣና ሲገባ፣ አያቱ ደግሞ ሲያምጡ አድረው ጠብታ ሲያጡ፣ ሁለቱንም ብርድ መታቸው ያለው ሰው አልቀባጠረም። ብርዱ የልጁን ሽንት አብዝቷል፤ የአያትየውንም አግዷል። ልዩነቱ ብርድ በአያትየው ላይ የቀሰቀሰው ቀድሞ የነበረ ሕመም መሆኑ ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ የልማድ ዓይን ብቻውን አይበቃም።

ይህ አስተያየት ከተራው ሰው አፍ ብቻ የወጣ እንዳይመስለን። ጎንደር ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ መናገሻ ስትሆን የመጻሕፍት ትርጓሜ መናገሻም ሆናለች፤ በትርጓሜ ቤት የሚሰጠው የሥነ ፍጥረት ትምህርትም ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት እንደተሠራ ያስተምራል። እሳት ሙቀትና ድርቀት አለው፤ ውሃ ቅዝቃዜና ርጥበት አለው። አንዱ በሌላው ላይ ሲበረታ ሥጋ ይታመማል። የጥንት ግሪክ ሐኪሞችና ከእነሱ የተማሩት ዐረቦችም በዚሁ ሚዛን ነበር የሚያክሙት። ደብተራዎች እየገለበጡ ያቆዩአቸው የመድኃኒት መጻሕፍትም ሽንት ለከለከለው ሰው ሥርና ቅጠል ያዝዛሉ። ሽንት ውሃ ነው፤ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ የሽንት ሕመም የቅዝቃዜ መብዛት ነው ብሎ መደምደም በዚያ ትምህርት ለተቀረጸ አእምሮ የቀና መንገድ ነበር። መድኃኒቱም ተቃራኒው ይሆናል፦ ሙቀት። በፋሲል ግቢ ውስጥ ዛሬም የሚጎበኘው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት በሙቀት መታከም በቤተ መንግሥትም የተከበረ እንደነበር ይመሰክራል። ወሸባ የገባ በሽተኛ ብዙ ቀን ከሰው ተለይቶ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ መድኃኒት እየጠጣ በላብ እንዲነጻ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ጎንደር ሲደርስ ይዞት የመጣው የአውሮፓ ሕክምናም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ የፓሪስም የጎንደርም ሐኪም በዚያ ዘመን በሽታን የሚያስበው በባሕርያት ሚዛን ነበር።

ልማዱ በሙላቱ የሚታየው አራስ ቤት ነው። የወለደች ሴት አጥንቷ ክፍት ነው፣ ብርድ ይገባባታል ተብሎ መስኮቱ ይደፈናል፤ ምድጃው ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ ራሷ በሻሽ፣ ወገቧ በመቀነት ይታሰራል፤ ጋቢ ይደረብላታል። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በትኩሱ ይቀርባል። ደጅ ስትወጣ ሰው ይከተላታል፤ ብረት ትይዛለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ እጇን እንኳ እንዲነካው አይፈቀድላትም። ይህን ሁሉ በብርድ ፍርሃት ብቻ ከመዘንነው ትርፉ አይታየንም። ብርድ እንዳይመታት በሚል ሽፋን ሴትየዋ እንጨት ከመልቀም፣ ውሃ ከመቅዳት፣ ወፍጮ ከመግፋት ታርፋለች፤ ከሌላው የቤተሰብ አባል ቀድማ የተሻለውን ትበላለች፤ ፈሳሽ አብዝታ ትጠጣለች። በወሊድ የተጎዳ ፊኛና የተላላ ጡንቻ የሚፈልገው ዕረፍትና ምግብ ስለሆነ ልማዱ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ነገር አድርጓል። ባል ሚስቱን ደክሟታል ብሎ ባያሳርፋት እንኳ ብርድ ይመታታል ሲባል እሺ ይላል፤ ፍርሃቱ ጠበቃ ሆኗታል። ነገር ግን ያው አራስ ቤት፣ ያው የተደፈነ መስኮት፣ ትኩሳት የያዛትንና ሽንቷ የሚያቃጥላትን ሴት ተጨማሪ ጋቢ ደርቦ ያስተኛታል። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሲወጣ ማንቀጥቀጥና ብርድ ብርድ ማለት ስለሚያስከትል ምልክቱ ራሱ ፍርዱን ያጸናው ይመስላል። ሰውነቷ ከውስጥ እየነደደ ብርድ አለቀቃትም ይባላል።

ለመሆኑ የሚያቃጥለው ሽንት ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረው፣ ጀርመናዊው ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 የገለጸው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የወንድ ደግሞ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ባክቴሪያው ወደ ሴቷ ፊኛ የሚጓዘው መንገድ አጭር ነው። ፊኛ ይህን የሚከላከለው ራሱን በሽንት እያጠበ ነው፤ ውሃ ያልጠጣና ሽንቱን ይዞ የዋለ ሰው ይህን መከላከያ ያጣል። እዚህ ላይ የደጋው ኑሮ ከብርዱ በላይ ይናገራል። በገጠር ሴት ልጅ በቀን ሜዳ ስትወጣ መታየቷ ነውር ስለሆነ ጨለማ እስኪሆን ይዛ ትውላለች። ውሃው ሩቅ ወንዝ ወይም ምንጭ ነው፤ በእንስራ የመጣው ለወጥና ለከብት እንጂ ለመታጠብ አይተርፍም። በአጽዋማት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ መዋል አለ። ብርድ ሲሆን ደግሞ ማንም ውሃ አይጠማውም፤ ከእሳት ዳር ተነሥቶ መውጣትም ይከብዳል። እንግዲህ ብርድ ካጠፋም ያጠፋው በተዘዋዋሪ ነው፦ ሰውን ውሃ እንዳይጠጣና እንዳይሸና በማድረግ። ለዚህ ደግሞ ጋቢ መደረብ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃና መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል። በሞቃት ወራት የሽንት ኢንፌክሽን ከፍ እንደሚል በሌሎች አገሮች በተደጋጋሚ መታየቱም ብርድ የግድ አስፈላጊ ምክንያት እንዳልሆነ ያሳያል።

የብርድ ፍርድ የሸፈነው ሌላም ነገር አለ፤ ይሉኝታ የሚጫነው። ጨብጥ ሽንትን ያቃጥላል፤ መግል ያወርዳል። በአገራችን ብዙ ቦታ ጨብጥ የሚይዘው በጨረቃ ብርሃን ወይም በጋለ ድንጋይ ላይ የሸና ሰው ነው ይባል ነበር፤ ይህ እምነት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1879 አልበርት ናይሰር ተህዋሱን ካገኘው በኋላ መተላለፊያው ግብረ ሥጋ ግንኙነት መሆኑ ጥያቄ አልነበረበትም። የጨረቃውና የብርዱ ምክንያት ግን አንድ ማኅበራዊ አገልግሎት ነበራቸው፦ ባልን ከሚስቱ፣ ካህንን ከምእመኑ፣ መንገደኛ ነጋዴን ከአማቶቹ ፊት ያድኑ ነበር። ሰማይንና አየሩን የሚከስ ሰው ማንንም አያስቀይምም፤ ትዳርም አይፈርስም። ይህን ጥበብ መናቅ ቀላል ነው፤ በትንሽ መንደር ውስጥ ሰላም የሚጠበቅበት አንዱ መንገድ እንደነበር መቀበል ይገባል። ዋጋውን የከፈለችው ግን ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። የባሏ ብርድ በአረቄና በዝንጅብል ጋብ ሲል ያለፈ መሰለ፤ እሷ ጋ ሲደርስ ድምፅ ሳያሰማ ማኅፀኗን ጎድቶ መካን አደረጋት፤ መካንነቱም በተራው ሌላ ስም ወጣለት።

ለብርድ የሚሟገት ሰው በዚህ አይረታም፤ ጠንካራ ማስረጃ ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት፣ የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ጥቂት ሴቶች እግራቸው እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በቀጣዮቹ ቀናት የሕመሙ ምልክት ታየባቸው። በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግርሽ አትቁሚ የምትለው የወገራ እናት በዚህ ብትደሰት አይፈረድባትም። እግር ሲቀዘቅዝ በሩቅ ያለው የፊኛ ሽፋን ደም ሊያንሰው፣ ደም ያነሰው ክፍልም መከላከያው ሊዳከም ይችላል የሚለው ማብራሪያ የማይሆን አይደለም። ጥናቱ ግን ትንሽ ነበር፤ የተመረጡትም አስቀድሞ በሽታው የሚያጠቃቸው ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የሚያሳየው ከተጋነነ ይህን ያህል ነው፦ ባክቴሪያው ደጃፍ ላይ ካለ ብርድ በሩን ሊከፍትለት ይችላል። ባክቴሪያውን ግን ብርድ አያመጣውም። በር የከፈተውን ከገባው ሌባ ጋር አንድ አድርጎ መቅጣት ሌባውን ነፃ መልቀቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ በብርድ ላይ የሚመሰክረው፣ ወይም ብርድን ነፃ የሚያወጣው፣ የጎንደር የራሷ ሥርዓት ነው። ጥር 11 ቀን፣ ሌሊቱ ገና በሚቀዘቅዝበት ወር፣ ታቦታቱ ባደሩበት የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ ማለዳ ተባርኮ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል፤ ቀሪው ሕዝብ ይረጭበታል። ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማንም በየአድባራቱና በየገዳማቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠመቃሉ፤ ከእነሱም ውስጥ አራስነቷን የጨረሰች፣ ወገቧን የሚያማት፣ ሽንት የሚያስቸግረው አለ። ምእመኑ የተባረከ ውሃ አይጎዳም ብሎ ይመልሳል፤ በእምነቱ መንገድ መልሱ ሙሉ ነው። ከልማዱ ታሪክ አንፃር ግን ሌላ ነገር ይታያል። ቅዝቃዜ በራሱ የሽንት በሽታን የሚዘራ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሕዝብ ለዘመናት በብርድ ውሃ የሚጠመቅበት ከተማ ከጥምቀት ማግስት የሚመጣ መቅሠፍት ያውቅ ነበር፤ ስምም ይሰጠው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጎንደር አይወራም። ደጋው ሰው ብርድን የሚፈራው በምድጃው ዳር እንጂ በጠበሉ ዳር አይደለም፤ ሳያውቀውም ብርድ ብቻውን እንደማይበቃ በሥራው መስክሯል።

የበሽታን ምክንያት በአየርና በቦታ ማሳበብ ጎንደር አንድ ጊዜ ከባድ ትምህርት የተማረችበት ጉዳይ ነው። የደጋው ሰው ቆላ አትደር፣ ንዳድ ይይዝሃል ይል ነበር። ትንኝን ባያውቅም ምክሩ ሠራ፤ ትንኙ የሚኖረው እዚያው ቆላው ውስጥ ስለሆነ ቆላውን የሸሸ ትንኙንም ሸሸ። በሽታው ወደ ሰዎቹ መኖሪያ ሲወጣ ግን ምክሩ ባዶ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የከፈተው፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች አብረው ወደ ገጠር ይሰማሩ ነበር፤ አንዱ ሲያክም ሌላው ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ምንጭ ያስገነባል። የሽንት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ መግሉ፣ ደሙና ባክቴሪያው ለዓይን ታየ። የቆላው ምክርና የብርዱ ምክር የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ቆላውን መሸሽ ይቻላል፤ ኢ. ኮላይ ግን የሚኖረው በራሱ በታማሚው አንጀት ውስጥ ስለሆነ በጋቢም በምድጃም አይሸሽም። የተሳሳተ ምክንያት ያለው ምክር የሚያድነው እውነተኛው ምክንያትም በዚያው መንገድ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው።

አባቶቻችን በዚሁ ኖረው የለም ወይ የሚል ሙግት መነሣቱ አይቀርም። ኖረዋል፤ የምናየው ግን የኖሩትን ነው። ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን በብዙ ሰው ላይ ያለ መድኃኒት ስለሚለቅ በዚያ ሳምንት የተጠጣው ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል፤ ተልባውም፣ ፌጦውም፣ ኮሶ አረቄውም። ከእነዚህ ውስጥ ተልባና አጥሚት ፈሳሽ በመሆናቸው ብቻ ሳይረዱ አልቀሩም። አረቄው ግን ብርድን ያባረረ የሚመስለው የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ነው፤ በእውነቱ ሙቀትን ያስወጣል፤ ውሃ የሚቆጥበውን ሆርሞንም ስለሚቀንስ ሽንትን ጭራሽ ያበዛል። ያልዳኑት፣ ኩላሊታቸው የመገለውና እርግዝናቸው የተጨናገፈው፣ ለልማዱ ምስክር ሆነው አልቆሙም።

ዛሬ አደጋው መልኩን ቀይሯል። ብርድ ነው ተብሎ የተፈረደበት ሕመም ከምድጃው ወደ መድኃኒት ቤት ተሻግሯል፤ ሳይመረመር የተገዛ እንክብል ሁለት ቀን ተውጦ ማቃጠሉ ሲተው ይጣላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረጉ የላቦራቶሪ ጥናቶች በሽንት ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ ቀዳሚ መሆኑንና አብዛኛው ለአምፒሲሊን እንደማይበገር ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ ባለሙያው ብርድን በማጣጣል የሚያተርፈው የለም፤ ታማሚው ያየውን እያየ ነውና አያምነውም። የሚሻለው ለብርድ የሚገባውን ያህል ሰጥቶ ቀሪውን መውሰድ ነው። በውርጭ ሌሊት ቶሎ ቶሎ የሚያመላልስ፣ የማያቃጥል፣ ሲነጋና ሲሞቅ የሚተው ሽንት ከብርዱ ነው፤ ጋቢና እሳት ይበቁታል። የሚያቃጥል፣ ትኩሳት ያለበት፣ ጎንን የሚወጋ፣ ደም የቀላቀለ፣ ወይም ነፍሰ ጡርን የያዘ ግን የብርድ አይደለም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። በየሌሊቱ እየተነሡ ጠብ ጠብ የሚልባቸው ሽማግሌም ፕሮስቴታቸው ይታይ። አራስን ማሳረፉና ትኩስ መጠጡ ይቀጥል፤ ውሃ መጠጣትና ሽንትን አለመያዝ ይጨመርበት፤ መጸዳጃ ቤቱም ሴት በቀን ሳታፍር የምትገባበት ይሁን። የጎንደር ደጋ ከብርዱ ጋር ተስማምቶ የመኖርን ዘዴ ለመማር ማንንም አልጠበቀም፤ የቀረው ብርድ ያላጠፋውን ጥፋት ከብርድ ላይ ማንሣት ነው።